ጋሽ መስፍንን ከኳስ ለማሳረፍ ሽማግሌ የሄድን ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ሰመር ነው። ዛሬም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ትንሽም አፍራለሁ።

በስደት በምንኖርባት በማሪዬታ ከተማ ቅዳሜ ጠዋት የምንጫወት የሐበሾች ኳስ ቡድን አለን። አብዛኞቻችን ሹፌሮች ነን፤ ሆዳችን ቀድሞን ሜዳ ይገባል። ጎል አግቢያችን ጋሽ መስፍን የትምህርት ቤት አውቶብስ ይነዳሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት ነው። ድሮ እግራቸው ኳስ ከነካ ጎል ነበር። ያን ሰሞን ግን ከተጋጣሚ ጎል ፊት ፓርክ እንደተደረገ መኪና ቆመው ኳስ መጠበቅ ጀመሩ። ስትመጣም አጠገባቸው ታልፋለች።

የቡድኑ የስልክ ግሩፕ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ ሌላ ስቴት ሄደን ለምንጫወተው ውድድር በወጣት ይተኩ አለ። ግማሹ፣ ቡድኑን ያቋቋመ ሰው እንዴት ይባረራል ብሎ ተቆጣ። አንዱ እሳቸው ከወጡ እኔም እወጣለሁ ብሎ ቢያስፈራራ ብዙዎች በደስታ ተስማሙ። በመጨረሻ ይብቃቸው ያለው ወገን በሁለት ድምፅ አሸነፈ። ማን ይንገራቸው ሲባል ግን ሁሉም ሌላውን ጠቆመ። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቋት ቅዳሜን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በዕድሜ ትልቁ ጋሽ በቀለ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቴክስት አይነገርም፣ ሽማግሌ ይላክ አሉ። እሳቸው፣ በረኛችን ዳዊትና እኔ ተመረጥን። ሽማግሌ በቱታ አይሄድም ተብሎ ሱፍ ለበስን። ጋሽ በቀለም ደውለው፣ እሑድ ከሰዓት ለአንድ ትልቅ ጉዳይ እንመጣለን ብቻ አሉ። የሽምግልና ነገር በስልክ አይዘረገፍም።

አንድ ነገር ረስተናል። ጋሽ መስፍን ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት ያላገባች ልጅ አለቻቸው።

በሩ ሲከፈት ጋሽ መስፍንም ሱፍ ለብሰዋል። ጠረጴዛው በምግብ ተሞልቷል። ልጃቸው ሊዲያ ከምትኖርበት ከኬኔሶ ተጠርታ መጥታ፣ እጇን አጣምራ ደረጃው ላይ ቆማለች።

"አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ እኔ እኮ ማንንም ዴት እያደረግኩ አይደለም" አለች። እናቷ በዓይናቸው ገሠጿት።

ተቀመጡ ብንባልም እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ጋሽ መስፍን ፈገግ ብለው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁን። ጋሽ በቀለን ላብ አጠመቃቸው። ዳዊት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ድሮም ኳስ ሲመጣ መሸሽ ልማዱ ነው። እዳው እኔ ላይ ወደቀ።

"ጋሽዬ፣ ለሊዲያ አይደለም የመጣነው" አልኩ። "እርስዎ ከኳስ እንዲያርፉ ልንለምን ነው።"

ሊዲያ ሳቋ አምልጧት ወደ ላይ ሮጠች። ጋሽ መስፍን አልሳቁም። ክራባታቸውን ፈቱ።

"ለልጄ ብትመጡ ይሻለኝ ነበር" አሉ። "እሷስ አንድ ቀን መሄዷ አይቀርም።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የማከብራቸውን ሰው በገዛ ቤታቸው አንገት አስደፋሁ።

ከዚያ ቀና አሉ። "መቼም በደንቡ ነው የመጣችሁት። እኔም በደንቡ ልመልስ። ሽማግሌ በአንድ ቀን መልስ አያገኝም። ቤተሰብ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ደንብ ነውና በልተን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ሦስቴ ሄደናል። ሦስቴም ጠግበን፣ ሌላ ቀጠሮ ይዘን ተመልሰናል። ውድድሩም አለፈ፤ ተሸነፍን። ጋሽ መስፍን አሁንም ጎሉ ፊት ናቸው። የላኩን ሰዎች ይነጫነጫሉ፤ እኔ ግን መልሱ ባይመጣ ደስ ይለኛል።

በቅርቡ አርባ ስምንት ይሞላኛል። ባለፈው ቅዳሜ ባዶ ጎል ሳትኩ፤ ግሩፑ ላይ ማንም ምንም አላለኝም። በማግስቱ ከሰዓት የቤቴ ደወል ሲጮህ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች የመጡብኝ መሰለኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ዕቃ የሚያደርስ ሰውዬ ነው። ፓኬጅ ሳይ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።