ጥቁሩ ጭስ ከጠፋ በኋላ

አባቴ ከጎረቤት ጋር መቀያየም የማይሆንለት ሰው ነበር። ታቦር ተራራ ሥር ያለው ወፍጮ ቤታችን መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በናፍጣ ሞተር ይፈጫል። መብራት ደግሞ እንደ ልቡ ይጠፋል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋ ስለነበር ልብስ ያሰጣች ሴት ሁሉ አጥር ላይ ቆማ ትጮህበታለች፤ እሱ በእጁ ያጠቆረው ይመስል ወጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ብሆን ልብሳችሁን ቤት ውስጥ አስጡ እላቸው ነበር።

አንድ ቀን መካኒክ አመጣ። መካኒኩ ናፍጣው ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲረጭ ፓምፑን ሲያስተካክለው የሞተሩ ድምፅ ጠንከር አለ፣ ጥቁሩ ጭስም ጠፋ።

«ይኸው ጋሼ፣ አሁን ነጭ ነጠላ ቢያሰጡበት አይቆሽሽም» አለው።

እውነቱን ነው፣ አልቆሸሸም። ከቱላ በቆሎ ጭነው የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ አመሰገኑት። አባቴ ያን ሰሞን በሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ ሲሄድ አሁንም ይታየኛል።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስና እማር ነበር። ሞተሩ ውስጥ ያለው እሳት በጣም ሲግል ጥቀርሻው ተቃጥሎ ያልቃል፤ ግን በዚያው ግለት አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይሆናል። ናይትሮጂን ኦክሳይድ የሚባለው እሱ ነው። ጭስ ማውጫችን ደግሞ መስኮቱ ሥር ስለሚያበቃ የወጣው ሁሉ ተመልሶ አባቴ ላይ ይገባል። መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አልነበረም። የናፍጣውን መረጨት ትንሽ ማዘግየት፣ ጭስ ማውጫውንም ከጣራው በላይ ማስረዘም ነው። ሞተሩ ግን ይሰንፋል፣ ናፍጣ ያበዛል፣ ጥቁሩም ጭስ በመጠኑ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ስነግረው፣ «እና ሰፈሩን እንደገና ላስቀይም?» አለኝ።

«አባዬ፣ የሚጎዳህ እኮ የማይታየው ነው።»

«የቱ? እኔ ምንም አይሸተኝም።»

እንዲህ ሲለኝ ተናድጄ ትቼው እወጣለሁ። ግትርነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ በርበሬ ሲፈጭ ግን ነገሩ ገባኝ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያስነጥሳል፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ዓይኔ ያነባል። አባቴ ወፍጮው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ በርበሬውን እያየ፣ «የዘንድሮ በርበሬ ደካማ ነው መሰለኝ» አለ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አፍንጫው ሞቷል፤ «ምንም አይሸተኝም» ሲለኝ የከረመው እውነቱን ነበር።

ሞተሩ ከተስተካከለ ወዲህ የጀመረው ሳል ከዚያ ባሰበት። በእግሩ የሚወጣውን ዳገት በባጃጅ መውጣት ጀመረ። ሐኪሙ ከሞተሩ ራቅ በል ቢለው፣ «ራቅ ብዬ የት ልቀመጥ?» ብሎ መለሰለት። እኔም ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ ጮህኩበት። በመጨረሻ እሺ ያለው ለእኔ አይደለም። አንዲት ሴት የታቀፈችው ሕፃን መስኮቱ አጠገብ ሲስል ሰምቶ፣ በማግስቱ መካኒኩን አስጠራና እኔ ያልኩትን ሁሉ አሠራ። ለልጁ እምቢ ብሎ ለሰው ልጅ እሺ በማለቱ ተቀየምኩት። ደስም አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ጥቁሩ ጭስ በመጠኑ ተመለሰ፣ አጥር ላይ መቆምም ተመለሰ። አባቴ እንደ ልማዱ ሊያነጋግራቸው ወጣ፤ የአጥሩን እንጨት ይዞ ቆመና አፉን ከፈተ። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረውም። እኔ ወጥቼ ስለ እሱ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለስልሼ አላውቅም።

ሞተሩ በመፍቻ ተስተካከለ፣ የአባቴ ሳንባ ግን የሚስተካከል አልሆነም። በዚያው ክረምት አረፈ።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ድንኳኑ በሰው ጢም ብሎ መዝሙር እየተዘመረ መብራት ጠፋ። የዕድሩ ሰዎች ለደግነታቸው የናፍጣ ጄኔሬተር አምጥተው ከድንኳኑ ጀርባ አስነሱ። ብርሃን ሆነ፣ መዝሙሩም ቀጠለ። ጭሱ አይታይም። ሽታው ግን በድንኳኑ ሸራ ሥር ገብቶ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ተነስቼ ዞርኩና አጠፋሁት።

የዕድሩ ዳኛ በጨለማው እየተደናበሩ መጡ። «ምነው ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ታዲያ ሰው በጨለማ ይቀመጥ?»

«ይቀመጥ» አልኳቸው።

አባቴ ካረፈ ጀምሮ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያኔ መጣ። ገና ያልበረደው ጄኔሬተር አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።