አባቴን «ይክፈቱ» የሚል ጠፋ

አባቴ አቶ አድማሱ በንፋስ መውጫ ጎዳና ሲሄዱ መንገዱ ቶሎ አያልቅላቸውም። ባጃጅ ነጂው ያቆምላቸዋል፤ ባለመድኃኒት ቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ ብሎ ይወጣል፤ ወደ ቢሮ የሚጣደፈው ሠራተኛ እጅ ነሥቶ ካላሳለፋቸው አያልፍም። የከተማው ግማሽ ተማሪያቸው ነበር። ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ራቅ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ገብስና ባቄላ ከሚያመርት ቤት ተወልደው፣ መጀመሪያ እስቴ ላይ፣ በኋላም እዚህ ሒሳብ ሲያስተምሩ ጸጉራቸው ነጣ። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ተማሪዎቻቸው ዛሬም፣ የልጆች አባት ሆነው እንኳ፣ ያ ድምፅ ዝቅ ሲል ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አቃታቸው። አጥሩን አጠሩት፤ አጥሩ ሲያልቅ ደግመው አጠሩት። እናቴ ቦጋለች «አንቱ ሰው፣ ይህ አጥር ሰው አይግባ ነው ወይስ እኛ አንውጣ ነው የሚለው?» እያለች ትስቅባቸው ነበር። በዚህ መሐል ጥጋቡ መጣ። ጥጋቡ እሳቸው ለቀው በወጡበት የሒሳብ ወንበር የተተካ ወጣት መምህር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ተምሯል። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ባለመድኃኒት ቤቱን ፍሬውንና ባጃጅ ነጂውን ካሴን አስከትሎ ቤታችን ገባ።

ጨዋታው ለማየት ቀላል ነው። ሁለት ካርታ በእጅ ይያዛል፤ አምስት ደግሞ በየተራው ገበታው ላይ ይገለጣል። እጄ ጥሩ ነው ያለ ሰው ገንዘብ ይጨምራል። ሌላው ወይ እኩል ጨምሮ «ክፈት» ይላል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ሁሉም ከወጡ የጨመረው ሰው እጁን ሳያሳይ የተከመረውን ይሰበስባል። ስለዚህ በባዶ እጅም አስፈራርቶ መብላት ይቻላል። ብር ገበታ ላይ ማየት እናቴን ስለሚያስከፋት ፍሬው የመጀመሪያ ቀን በብር ፈንታ የተቆላ ሽምብራ አመጣ፤ ካሴ ግን ሐሳብ ይዞት የራሱን ገንዘብ ቆረጣጥሞ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ባቄላ ሆነ። ባቄላው ወደ ብር የሚመነዘረው እነሱ ሲወጡ፣ በር ላይ ነው።

አባቴ ያሸንፉ ጀመር። አንድ እሑድ ቢሸነፉ ሦስቱን ያሸንፋሉ። በዓመቱ የኩሽናው ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ለፋሲካ ለእናቴ ጥበብ ቀሚስ ተገዛላት። እናቴ ቀሚሱን ለብሳም ቢሆን ጠርዙን ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው በጣቷ ጫፍ ነው የምትይዘው።

«የቁማር ነው» ትላለች።

«ቁማር አይደለም ቦጌ፤ ሒሳብ ነው። የሚመጣውን ካርታ ዕድል አሰላለሁ። ሰዉን ደግሞ ፊቱን አነባለሁ።»

እውነት ነው፣ ያሰላሉ። ከጨዋታው በፊት ባሉት ቀናት ብቻቸውን ተቀምጠው ካርታ ይዘረጋሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጠዋት ሲነሡ የሚጠብቃቸው ነገር አገኙ። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ግን ነገሩ ከባቄላ አለፈ። ደብረ ታቦር አንድ የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ ቤት ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ጨዋታ አለ ሲባል ሰሙ። በአማላጅ ቦታ ተገኘላቸው። ለመግባት የሚያዘው ገንዘብ የአንድ በሬ ዋጋ ያህል ነው፤ በሬው ደግሞ አለ። ስማዳ ባለው የአባታቸው መሬት ላይ ዘመዳችን ይሁኔ በእኛ ሁለት በሬዎች በእኩል ያርሳል። አባቴ አንዱን ሊሸጡ ስማቸው ከሚባል የከብት ነጋዴ ጋር ቃል ተቀባበሉ። ስማቸው ከሚመጣው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ጠዋት ገንዘቡን ይዞ ሊመጣ ነው።

«አንድ በሬ ቀርቶት ይሁኔ በምን ያርሳል?» አለች እናቴ።

«መቀናጆ ይፈልጋል። እንደ እሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር አጣምሮ በተራ ያርሳል።»

«ግንቦት እኮ ነው አንቱ! ዝናቡም ተራ ይጠብቃል? የሰው መሬት እስኪታረስ የእኛ ገብስ ያልፍበታል።»

«ከመዝራት በፊት ሁለት በሬ አድርጌ እመልስለታለሁ» አሉ አባቴ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

በዚያው ሳምንት ታላቅ እህቴ ሕሊና ለዕረፍት መጣች። ሕሊና እስቴ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ምጥ የያዛትን ሴት «በርቺ፣ ግፊ!» ሲል የሚውል ድምፅ ሹክሹክታ አያውቅም፤ ቤታችን እሷ ስትገባ ሙሉ ይሆናል። እሑድ ከሰዓት ከወንዶቹ ኋላ ተቀምጣ ጨዋታውን ስታይ ቆየች። አባቴ ባቄላ ጨመሩ፤ ካሴ ካርታውን ደፍቶ ጣለ። ሕሊና ከትከሻው በላይ ሲጥለው አየችው፤ የጣለው ሁለት ንጉሥ ነው፤ ከጠንካሮቹ እጆች አንዱ።

እንደ ጨረሱ ባጃጁ ዘንድ ተከተለችው። እኔም ተከተልኳት።

«ካሴ፣ ሁለት ንጉሥ ይዘህ ለምን ወጣህ?»

«እንዴ፣ አየሽኝ?»

«ዓይን አለኝ እኮ።»

ካሴ ግራ ቀኙን ቃኘ። «አንቺ ደግሞ! ጋሼን ‘ይክፈቱ’ ልበላቸው? ‘ያለዎት አይመስለኝም፣ ያሳዩኝ’ ማለት እኮ ነው። ውሸታም ማለት ነው። አስተማሪዬን?»

«ሌሎቹስ?»

«ፍሬው አንድ ቀን ሊል አፉን ከፍቶ ጠላውን ጠጣበት። ጥጋቡማ የእሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያስተምረው፣ ምን አፍ አለው?» ሳቀና ባጃጁን አስነሣ። «ደግሞ ምን ይጎዳል? ደስ ይላቸዋል። እኛም እሳቸው ዘንድ መዋሉ ደስ ይለናል።»

ሕሊና አቧራው እስኪበርድ ቆማ ቀረች። ከዚያ «በሬውን የሚሸጡት በዚህ ነው!» አለችኝ።

ማታውኑ ለአባቴ ልትነግራቸው ሞከረች። «አባዬ፣ እዚህ የሚያሸንፉት እኮ ስለሚያከብሩዎት ነው። ደብረ ታቦር ማንም አያውቅዎትም።»

አባቴ ፈገግ አሉ። «ይህን የምትዪው ስለማትጫወቺ ነው። እኔ ስጨምር ፊታቸው ሲለወጥ ባየሽ! ማስፈራራት ጥበብ ነው ልጄ።»

ክርክር እንደማይፈታው ገባት። ሳምንቱን ሙሉ ጥጋቡን እየጠራች ጨዋታውን ተማረች። የሚቀጥለው እሑድ፣ ከስማቸው መምጫ አንድ ቀን በፊት፣ ወንበር ስባ ገበታው ላይ ተቀመጠች።

«ለእኔም አድሉኝ።»

«ነርሷ ገባች፤ ዛሬ ደም ይፈሳል» አለ ፍሬው።

«አንተ መድኃኒቱን አዘጋጅ» አለችው።

መጀመሪያ ላይ እየተሸነፈች ሄደች፤ የወሩ ደመወዟ አለቀ ብለው ቀለዱባት። ከዚያ ያ ዙር መጣ። ገበታው ላይ አምስቱም ካርታ ተገልጧል። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ገበታውን አዩ፤ የሁሉንም ፊት በየተራ አዩ፤ ከዚያ ፊት ለፊታቸው ያለውን ባቄላ በሙሉ በሁለት መዳፋቸው ገፉት። እንዲህ ያለ አገፋፍ ከዚያ በፊት አላየሁም። ጥጋቡ ጣለ። ፍሬው ጣለ። ካሴ ካርታውን ትንሽ አቅፎ ቆየና ጣለ። አባቴ እጃቸውን ወደ ክምሩ ዘረጉ።

«ይቆዩ አባዬ» አለች ሕሊና። የቀራትን ባቄላ ሁሉ ገፍታ መሐል ደባለቀችው። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ ሰማሁት። «ይክፈቱ።»

እናቴ የቆሎ ሰፌድ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ጥጋቡ መሬት መሬት አየ። ካሴ ኮፍያውን አወለቀ።

አባቴ ካርታቸውን ገለጡ። ሁለትና ሰባት፤ በዚህ ጨዋታ ከሁሉ ደካማው እጅ፣ ከገበታው ጋርም ምንም የማይገናኙ። ሕሊና ጥንድ ስድስት ነበራት፤ ያን ያህል እጅ አይባልም፣ ግን በቃ።

ማንም ባቄላውን አልነካም። አባቴ ወደ ካሴ ዞሩ። «አንተ ምን ይዘህ ነበር?»

«ኧረ ምንም ጋሼ።»

«ክፈት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ካሴ ከፈተ። ገበታው ላይ ካለው ጋር ሦስት ስምንት። አባቴ ወደ ጥጋቡ ሲያዩ እሱ ሳይጠየቅ ገለጠ፤ የእሱም ከእሳቸው ይበልጥ ነበር።

«ዓመቱን ሙሉ?»

አባቴ ተነሥተው ወደ ግቢ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ንፋሱ ጋቢያቸውን እየገፈተረ፣ ደጋግመው ባጠሩት አጥር አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። እናቴ «ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» አለች። የሕሊና ዓይን እንባ ሞልቷል።

ብዙ ሳይቆዩ ፊታቸውን ታጥበው ገቡና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

«ጥጋቡ፣ ያን ሁሉ የሰበሰብኩት ምን ነበር?»

«አክብሮት ነው ጋሼ።»

«እኔ ትርፍ ብዬ በሬ ልሸጥበት ነበር። ደብረ ታቦር የሚጠብቀኝ ተቋራጭ ተማሪዬ ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ ያስከፍተኛላ!»

«ያስከፍትዎታል» አለ ጥጋቡ፣ እንደ ተማሪ።

አባቴ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። «ያን ቆርቆሮ ነቅዬ ልመልስላችሁ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ክረምት እየመጣ!» አለ ፍሬው።

«እንግዲያው ስሙኝ። ከአሁን ጀምሮ እዚህ ገበታ ላይ አንቱታ የለም። አድማሱ ነኝ። አንተ በሉኝ፤ ባልመሰላችሁ ጊዜ ክፈት በሉኝ። አድል ካሴ።»

«እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች» አለ ፍሬው።

«እናትህን አልጠራናትም።»

እናቴ ግን ጠላውን ወደ ኋላ ሸሸገች። «በቤቴ እሳቸውን አንተ ያለ፣ ዛሬ ጠላ አይቀምስም!»

«ተይ ቦጌ፣ ሒሳብ ላይ ነን።»

ካሴ አደለ። አባቴ ጨመሩ። ካሴ ላብ አጠመቀው። «አንተ… ጋሼ… ይክፈት» አለ በመጨረሻ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ከፈቱ፤ ተሸነፉ። ቀጥሎ ጥጋቡ አስከፈታቸው፣ ቀጥሎ ፍሬው፤ ምላሳቸው እየተፈታ ሄደ። አባቴም አንዳንዱን በትክክል አሸነፉ፤ ያን ጊዜ ካርታውን ገበታው ላይ የሚያስቀምጡበት አቀማመጥ ሌላ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊታቸው አንድም ባቄላ አልቀረም።

«እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ያተርፋል ወይ ብትሉኝ፣» አሉ ጣቶቻቸውን እያፍተለተሉ፣ «በእኩል ዓይን ከተያየን፣ ዛሬ ከእኔ ኪስ ወደ አንተ፣ ነገ ከአንተ ወደ እሱ ነው። ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። ከቤት የሚወጣው የቦጋለች ጠላና ቆሎ ብቻ ነው።»

«እሱን ነው ዓመቱን ሙሉ የምላችሁ!» አለች እናቴ።

ሰኞ ጠዋት ሕሊና ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነበርና ሁላችንም ልንሸኛት ወጣን። ስማቸው ገንዘቡን በሻሽ ጠቅልሎ መንገድ ላይ አገኘን።

«አይሸጥም» አሉት አባቴ።

«ዋጋው አንሶብዎት ነው? ልጨምር እችላለሁ።»

«አላነሰም።»

«ሌላ ገዥ መጣ?»

«ልጄ አስከፈተችኝ!» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ስማቸው ምኑም አልገባው፤ አባቴ ግን ከነካርታው፣ ከነክምሩ፣ ዋሽተው መያዛቸውን እንኳ ሳያስቀሩ፣ እዚያው ቆመው ነገሩት። ከዚያ መንገድ ዳር ላለች ባለሱቅ ነገሩ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ለሚመለሱ ሽማግሌ ነገሩ፤ ሽማግሌው ስለ ካርታው ቢቆጧቸውም ስለ ልጅቷ መረቁ።

«አባዬ፣ ይብቃዎት!» ሕሊና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያ ድምፅ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ሕሊና ወደ እስቴ የምትሻገርበት የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ መጣ። አባቴ ረዳቱን ትከሻውን ያዙት። የሌላ አገር ልጅ ነው፣ አያውቃቸውም። «ይቺን ልጅ ከፊት አስቀምጣት። ከተማው በሙሉ ፈርቶኝ ሲወጣ፣ ሁለትና ሰባት ይዤ ጨምሬ፣ ያስከፈተችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ረዳቱ ሻንጣዋን እየጫነ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ሁለትና ሰባት ይዞ ደግሞ ማን ይጨምራል አባት?»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ግን የልጁን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ አልለቀቁትም።