አፌን ዘግቼ የተናገርኩት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሰው ሲታማ ወይም ሲዋሽበት ዋሺው ሌላ ሰው ነው። በእኔ ላይ የዋሸሁት ግን ራሴ ነኝ፤ ቢያንስ ድምፄን የሰማ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚለው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እንዳይምታታባችሁ ከመጀመሪያው ልነሳ። እኔ ልደታ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የምንመራው ደግሞ እኔና የኮምፒውተር መምህሩ ቢኒያም ነበርን። ጠዋት ተማሪው ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀለ በኋላ ማይኩን ይዤ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጤና፣ ስለ አጠናን ዘዴ እናገራለሁ። ድምፅ ማጉያው ከአጥር ውጭም ስለሚሰማ ሰፈሩ ፊቴን ባያውቀው ድምፄን ያውቀዋል። ዳቦ ልገዛ ገብቼ አፌን ስከፍት፣ "አንቺ ነሽ እንዴ ጠዋት ጠዋት የምትመክሪን?" ያሉኝ እናቶች አሉ።

ቢኒያም ጓደኛዬ ነበር። ምሳ ዕቃችንን አንድ ላይ ነው የምንከፍተው። አባቴ ታመው የተኙ ጊዜ የእኔን ክፍለ ጊዜ ሳይቀር የሸፈነልኝ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን፣ "የሳይንስ መጽሐፉን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በድምፅ ብንቀዳላቸውስ? ያንቺ ድምፅ ጥርት ያለ ነው" ሲለኝ ማን ጠየቀህ፣ የት ይሄዳል ብዬ አልመረመርኩም። እንዲያውም እኔ ራሴ ቀድሜ ባላሰብኩት ቆጨኝ።

ከዚያ በኋላ ተማሪ ሲወጣ ሚኒ ሚዲያ ክፍል እንገባለን። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ እንሸፍናለን። እኔ አነባለሁ፣ ቢኒያም በኮምፒውተሩ ይቀዳል፤ ጉሮሮዬ ሲደርቅ ውኃ ያቀብለኛል። የሚያስቸግረኝ ሥዕል ያለበት ገጽ ነበር። አይቶ ለማያውቅ ልጅ የዓይንን ሥዕል በቃል ማሳየት ቀላል አይደለም። ብዙ ሞክሬ ሞክሬ በመጨረሻ፣ "ከፊቷ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያላትን ጨለማ ክፍል አስቡ" ብዬ ጀመርኩት። ቢኒያም "ይህቺ አሪፍ ናት" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ያንኑ ምሳሌ ክፍል ውስጥም መጠቀም ጀመርኩ።

ከተማሪዎቼ መካከል ሜላት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለች። ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ እንኳ ሰሌዳው አይታያትም ነበር። እናቷ እትዬ ዘነበች ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ ይሸጣሉ። መነጽር እንዲያደርጉላት ለማሳመን ብዙ ተመላልሻለሁ። "ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ዓይኗን በመስታወት ሸፍና ማን ሊያያት ነው?" ይሉኛል። ከጧፋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ዓይን እንዴት እንደሚሠራ አስረዳቸዋለሁ፤ ምዕመን ሲመጣ አቋርጣለሁ፣ ሲሄድ እቀጥላለሁ። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ እርስዎ ካሉ ይሁን" አሉና መነጽሩ ተገዛ።

ሜላት መነጽሯን አድርጋ በመጣች ቀን ፊቴን ትኩር ብላ አየችና፣ "ቲቸር፣ ጥርስዎ ፍንጭት ነው እንዴ?" አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። በዚያ ሴሚስተር ውጤቷ ተቀየረ፤ እጇን ማውጣት ጀመረች።

እና አንድ ሰኞ ያለ መነጽር መጣች። ዓይኗን እያጠበበች ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ትገለብጣለች።

"መነጽርሽስ?"

"እማዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።"

"ለምን?"

አንገቷን ደፋች። "ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ አያስፈልግም ያሉት?"

ከኋላ አንዱ፣ "ቲቸር ማስታወቂያ ጀምረዋል እኮ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄዳችሁ ስሙ" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የሚስቁትን ሳይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ትምህርት ሲያልቅ ጠመንጃ ያዥ ሄድኩ። ቅባትና ሳሙና የሚሸጥ አንድ ሱቅ ደጃፉ ላይ ድምፅ ማጉያ አቁሟል። ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለሁ ራሴን ሰማሁ።

"ከፊቷ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያላትን ጨለማ ክፍል አስቡ። መስኮቷ ስትቆሽሽ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላ መስታወት ትደርቡባታላችሁ ወይስ ታጸዷታላችሁ? እንደ ሳይንስ መምህርነቴ የምመክራችሁ፣ መነጽሩን ትታችሁ ይህን ከዕፅዋት የተሠራ የዓይን ጠብታ እንድትሞክሩ ነው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መቼ እንዳልኩት ለማስታወስ ሞክሬያለሁ። ጥያቄ ከመጠየቄ በፊት ትንሽ ትንፋሽ የምወስደው ነገር ሳይቀር አለ። ምሳሌውም የእኔ ነው። ሐሳቡ ብቻ ነው የእኔ ያልሆነው። ምሳሌው ደግሞ ለውሸቱ በጣም ተስማምቶታል፤ ሳላውቀው ብሰማው ኖሮ ምናልባት እኔም ጠብታውን እገዛ ነበር።

ባለሱቁን፣ "ይህን ማን ሠራልህ?" አልኩት። ገና ስናገር ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

"ቆይ፣ አንቺው ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ሰው አይደለችም እኮ ነው ያለኝ። ኮምፒውተር የፈጠራት ናት ብሎኛል ቢኒያም።"

የቢኒያም ስም ከአፉ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። ድሮ በሜጋፎን ሲጮህ ውሎ ማታ ቤቱ ገብቶ ማውራት እንደሚያቅተው ነገረኝ። የጠብታውን ማስታወቂያ የጻፈለት ቢኒያም ነው፤ አሁን ግን ራሱ ስልኩ ላይ የፈለገውን ይጽፋል፣ ድምፁ አንብቦ ይወጣል፣ እሱ ሻዩን ይጠጣል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማውቀውን ያህል ላስረዳችሁ። ማሽኑ የአንድን ሰው ንግግር ሲሰማ ቃላቱን አይደለም የሚይዘው፤ ሰውየው እንዴት እንደሚናገር ነው የሚማረው። የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚያሳርፍ፣ የት እንደሚተነፍስ። ከተማረ በኋላ ሰውየው አስቦት የማያውቀውን ሁሉ በሰውየው ድምፅ ይናገራል። እኔም ይህን ቴክኖሎጂ እጠቀምበታለሁ፤ የትምህርት ዕቅድና መልመጃ ሳዘጋጅ ያግዘኛል። ጠላት ነው ብዬ አላውቅም።

በማግሥቱ ቢኒያምን ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። አልካደም።

"ምን ተወሰደብሽ? ድምፅሽ እኮ ጉሮሮሽ ውስጥ ነው ያለው" አለኝ። "ስምሽን አልጠራሁ፣ ፎቶሽን አልለጠፍኩ። ዛሬ እኔ ባልሠራው ነገ ሌላው ይሠራዋል። ንግዱ ሁሉ ወደዚያ እየሄደ አይደል እንዴ?"

"የዓይነ ስውራኑ ቅጂስ?"

"አለ። እልከዋለሁ።"

ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው እዚያው ተቀምጧል። ለማንም አልተላከም፤ የጠየቀ ትምህርት ቤትም አልነበረም።

"ማሽኑ ድምፄን ለመማር መጽሐፉን ሙሉ ማንበብ ነበረብኝ?" አልኩት።

"ኧረ፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አስነበብከኝ?"

ትከሻውን ነቀነቀ። "ደስ ብሎሽ ነበራ። ምን ብዬ ላቁምሽ?"

ከዚህ በኋላ ያለኝን ብዙውን አላስታውስም። ይህቺን ግን እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ወደ ርእሰ መምህሩ ሄጄ ነበር። "ስምሽ ተጠቅሷል?" አሉኝ። አልተጠቀሰም አልኳቸው። "እንግዲህ ቢኒያም የሚመሳሰል ድምፅ ነው ቢል ምን እንለዋለን?" አሉኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ ያሳሰበኝ ሜላት ነበረች። ፈተና እየደረሰ ነው፣ ልጅቷ ሰሌዳ አታይም፣ በዚያ ላይ እናቷ የገዙት ምንነቱ የማይታወቅ ጠብታ ዓይኗ ውስጥ ይንጠባጠባል።

እትዬ ዘነበች ጋ ሄጄ እንደ ልማዴ ከጧፉ አጠገብ ቁጭ አልኩና ሁሉንም በሥርዓት አስረዳሁ። ማሽን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚማር፣ እንዴት እንደሚናገር። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "ያኔም እንዲህ ጥርት አድርገው ነው የነገሩን" አሉኝ። "አሁንም ያው አነጋገር ነው። የትኛውን ልያዝ?"

"እትዬ ዘነበች፣ ያችኛዋ እኔ አይደለሁም።"

"ሰው ተናግሮ ሲጸጸት አልተናገርኩም ይላል። አይፍሩ፣ እኔ አልቀየምዎትም።"

የበለጠ ባስረዳኋቸው ቁጥር የበለጠ እሷን መሰልኩ። በሕይወቴ ማስረዳት ጉዳት ሲሆንብኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ማስረዳቱን ተውኩና፣ "ጧፉን ለጎረቤትዎ አደራ ይስጡና አንዴ ይከተሉኝ" አልኳቸው።

ባለሱቁ ሲያየን ተሳቀቀ። "ማስታወቂያውን ተወውና አዲስ ነገር ጻፍ። ለእኚህ እናት ሰላምታ አቅርብ" አልኩት። ስማቸውንና የልጃቸውን ስም ጠየቃቸው፤ ስልኩ ላይ ጻፈ።

እኔ እትዬ ዘነበች ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። አፌ ተዘግቷል። ድምፅ ማጉያው፣ "እትዬ ዘነበች፣ እንደምን ዋሉ? ሜላት ደህና ናት?" አለ። በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ፍቅር።

እትዬ ዘነበች ከንፈሬን አዩ። አማተቡ። ከዚያ ጠጋ ብለው መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑ። እጃቸው ጧፍ ጧፍ ይሸታል።

"እስቲ ድገመው" አሉት ባለሱቁን።

ደገመው። እጃቸው አፌ ላይ እያለ እንደገና ሰላም አልኳቸው። መንገደኛ ቆሞ ያየናል።

"በይ ነይ እንሂድ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። ከዚያ በፊት አንቺ ብለውኝ አያውቁም። ባለሱቁ ከኋላችን፣ "እሺ አጠፋዋለሁ፤ እኔስ አሁን በምን ልጩህ?" ሲል ሰማሁት። አጥፍቶታልም።

በማግሥቱ ሜላት መነጽሯን አድርጋ መጣች። እናቷ ግን አንድ መልእክት ልከውልኛል፤ ስለ ልጄ የምትነግሪኝ ካለ እዚሁ በር ላይ ነይ፣ በስልክ ብትደውዪ አላነሳም የሚል። አሁን ለእያንዳንዷ ነገር በእግሬ እሄዳለሁ። አልፈርድባቸውም።

ቢኒያም ዓመቱ ሲያልቅ ማስተማሩን ለቆ የማስታወቂያ ሥራ ጀመረ። ከተለያየን በኋላ አልተነጋገርንም።

በቅርቡ ከሜክሲኮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ሚኒባስ ወደ ቤቴ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስልኳን ከፍታ ታያለች። የሚናገረው የእኔ ድምፅ ነው። አሁን ደግሞ የፊት ቅባት ነው የምሸጠው። ሴትየዋ ለጓደኛዋ፣ "ይህቺ ልጅ ስታስረዳ ደስ አትልም?" አለቻት። ጓደኛዋም፣ "እኔማ እሷ ካለች እገዛለሁ" አለች።

መውረጃዬ ልደታ ደረሰ። "ወራጅ አለ" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ዞረው እንደሚያዩኝ ሳስብ መልሼ ዘጋሁት። ረዳቱ "ልደታ ወራጅ?" ብሎ ጠየቀ። ዝም አልኩ። መኪናው አለፈ። አንድ ሽማግሌ ጦር ኃይሎች ሲደርሱ ወራጅ አሉ፤ ከእሳቸው ኋላ ወረድኩ።

በፀሐይ ወደ ልደታ በእግሬ እየተመለስኩ ተናድጄ ነበር ብል ውሸት ነው። አፍሬ ነበር። ምንም ሳላጠፋ አፍሬ ነበር፤ ይኸው እስካሁን ሰው የሞላበት ቦታ ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።