ምሳ ሰዓት የሚነቀለው ገመድ

እንጅባራ ክረምቱን መብረቅ ይበዛበታል። በምሠራበት ኮሌጅ፣ እኔ ሳልቀጠር በፊት፣ ከጣሪያው አንቴና በሚወርደው ገመድ በኩል ገብቶ የኔትወርኩን ዕቃ አቃጥሎት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ለምሳ ሲወጣ ገመዱን መንቀል ልማድ ሆነ። ጥርት ባለ የጥር ሰማይም ይነቀላል። በእኛ ክፍል የምነቅለው እኔ ነበርኩ፤ ረስቼ አላውቅም።

ሥራዬ የተማሪዎች ምዝገባ ፕሮግራም ነበር። ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ በማታ የተማርኩ ስለሆንኩ ከሌሎቹ ይልቅ ስህተት እፈራለሁ። ፕሮግራሙ በየቀኑ ራሱን የሚፈትሽባቸው ሙከራዎች ጻፍኩ። አንዱ ስለ ጳጉሜን ነበር። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ብሎ የሚቆጥር ስለነበር፣ በጳጉሜን የተመዘገበ ተማሪ ከተመራቂዎች ዝርዝር ይወድቅ ነበር፤ አርሜዋለሁ።

ሙከራዎቹ የሚሠሩት ባሕር ዳር ካለው ዋና መዝገብ ጋር ሲገናኙ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሪፖርቱ በሙሉ ቀይ እየሆነ ኃላፊያችን ይደነግጡ ነበር። ስለዚህ ኔትወርክ ካለ ፈትሽ፣ ከሌለ እለፈው የሚል ሁኔታ አስገባሁ። የታለፈውም እንደ ደኅናው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሥራ እንዳያጓትት ብዬ የሙከራዎቹን ሰዓት ምሳ ላይ አደረግሁት። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነበር፤ እያተምኩ በፋይል አስቀመጥኩት።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት የዘንገና ሴት መጣች። የማታ ትምህርቱን አብረን ጀምረን፣ እሷ በመሀል አቋርጣ ዘግይታ የተመለሰች ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ግምጃ ቤት ከተማ የወጣው የቅጥር ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። «ቴምፖ» የምንለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ልትወስድ ብትመጣ፣ ስሟ ከተመራቂዎች ዝርዝር የለም።

«እቴ፣ እኔ የተማርኩት የማንን ትምህርት ነው?» አለችኝ።

ኃላፊው ሪፖርቱን አይተው ፕሮግራሙ ደኅና ነው፣ ምናልባት የወደቀችበት ኮርስ ይኖራል አሉ። እሷ ከላስቲክ ውስጥ የምዝገባ ወረቀቷን አወጣች። ጳጉሜን ሦስት ይላል።

የሙከራውን ዝርዝር ከፈትኩ። ታልፏል፣ ታልፏል፣ ታልፏል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ባለፈው ዓመት ፕሮግራሙ ሲታደስ ያረምኩት ስህተት ተመልሶ ገብቷል። ሊይዘው የሚችለው ሙከራ ግን አንድም ቀን አልሠራም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ገመዱ ተነቅሎ ኔትወርክ የለም። የሁለቱ ሰዓት አንድ መሆኑን አስቤው አላውቅም።

ምን ሆኖ ነው ስትለኝ አስረዳኋት። ገመዱን የምነቅለው እኔ መሆኔንም ነገርኳት።

«እንግዲያ መብረቁ እኔን መታኝ በያ» አለች። ፈገግ ብላ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።

ስህተቱ ሁለት መስመር ነው። አርሜ፣ ገመዱ እንደተሰካ ሙከራውን በእጄ አስነሣሁት። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ፈራሚው ዲን ግን ዳንግላ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ጠበቅናቸው። ሲመለሱ አሥር ሰዓት አልፏል። ማኅተሙ ሳይደርቅ ይዛ ወደ መናኸሪያ ወጣች። ሚኒባሱ እስኪሞላ አይነሣም።

ስትደውል ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። መዝጋቢዎቹን ዘግተው ሲወጡ በር ላይ እንዳገኘቻቸው፣ መዝገቡን አሽገነዋል እንዳሏት ነገረችኝ። ድምፅዋ አልተለወጠም። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ እዚሁ የሆነ ነገር ልብላ አለች።

እሺ አልኳት።