ግማሽ ሹሩባ

ኢያኤል ደጀኔ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደስታዋን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ባሕር ማዶ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ማታ የትምህርት ቤቷ ፕሮም፣ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱበት የዳንስ ድግስ ነው። አረንጓዴ ቀሚሷ በሩ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃታል፤ እሷ ግን ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ፣ በእናቷ በሮማን ጉልበቶች መካከል ተቀምጣ ሹሩባ እየተሠራች ነው።

ልቧን ያስነሣችው ፈነት ናት፤ ወንዙን ተሻግሮ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ የምትኖር የኦሮሞ ልጅ። መስከረም ላይ በኬሚስትሪ ክፍል አንድ ጠረጴዛ ደረሳቸው። እስከ ገና አንዷ የሌላዋን ሳቅ ከኮሪደር ማዶ ትለይ ጀመር። በመጋቢት፣ ባቡር ሲጠብቁ፣ ፈነት ጓንቷን አውልቃ እጇን ያዘቻት። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ለኢያኤል ግን በጋ ሆነላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረቷ ውስጥ አንድ ዘፋኝ ገብቶ አልወጣ አለ። አውቶቡስ ላይ ሆና በስልኳ ሳይቀር ገጠመችለት፦

ከወንዝ ማዶ ሆና ስሜን አንዴ ጠርታ፣
ልቤን ይዛው ሄደች እኔን እዚህ ትታ።

የሚገርመው ከቤተሰብና ከቸርች ሰው ማንም አለመጠርጠሩ ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ የክፍል ጓደኞቻቸው ወዲያው ገብቷቸዋል። በቸርች ግን ሁለት ሴቶች ቢያያዙ፣ ቢተቃቀፉ ምን ነገር አለው? ሮማን እንዲያውም «እሰይ፣ ልጄ እህት አገኘች!» ብላ ለመዘምራኑ ሁሉ አውርታለች። ፍቅራቸው በጠራራ ፀሐይ ተደብቆ ኖረ።

ሐሙስ ዕለት ግን ፈነት ቁርጡን ጠየቀቻት። «እኔ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። አለቀሰች፤ ከዚያ ምሳ በልተሻል ወይ አለችኝ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በራችሁን አንኳኳለሁ። እንደ ጓደኛሽ ልምጣ ወይስ እንደ ራሴ? አንቺ ወስኚ።»

አሁን አሥራ አንድ ሊሆን ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል።

«አንገትሽን አትነቅንቂ» አለች ሮማን። በሳምንት አምስት ቀን ኤደን ፕሬሪ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያሽጉ ጣቶቿ ፀጉር ላይ ሲሆኑ ይለሰልሳሉ። «እንዲህ የሚያቁነጠንጥሽ ልጁ ማነው?»

«እማ!»

«ምን እማ? ፊትሽ እንደ አምፖል በርቷል። ሐበሻ ነው? ቸርች ይሄዳል? ቁመትስ አለው?»

ኢያኤል ሳቋ አመለጣት። ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልሰው፤ ዛሬ ግን በእናቷ ቋንቋ ልትናገረው ቆርጣለች። ችግሩ፣ ለዚህ ነገር በአማርኛ የሰማቻቸው ቃላት ሁሉ ስድብ ናቸው። ስለዚህ ያሏትን ጥቂት ቃላት ሰበሰበች።

«እማ፣ ወንድ የለም። ፈነት ናት።»

«ፈነት ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። የምወዳት እሷን ነው። አንቺ አባዬን እንደወደድሽው። እሷም ትወደኛለች።»

ጣቶቹ ቆሙ።

ሹሩባ የሚሠራለት ሰው የሠሪውን ፊት አያይም።

«እጅ ለእጅ የምትያያዙት...» አለች ሮማን።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ እህት አገኘች እያልኩ...» ተነሥታ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ኢያኤል የግራ ጎኗ ተሠርቶ፣ የቀኙ እንደ ጥጥ ተበትኖ ምንጣፉ ላይ ቀረች። ልታለቅስ ስትል ያ የደረቷ ዘፋኝ ተነሣ። ተናገርኩ! በአማርኛ ተናገርኩ! ለፈነት ቴክስት አደረገች፦ «እንደ ራስሽ ነዪ።»

ፈነት ከሰዓቱ በፊት ከተፍ አለች፤ ነጭ ሱፍ ለብሳ፣ አበባ ይዛ። የኢያኤልን ራስ አየችና «ግማሽሽ ብቻ ነው የሚሄደው?» አለች።

የመኝታ ክፍሉ በር ተከፈተ። የሮማን ዓይን ቀልቷል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ ሮማን» አለች ፈነት ጎንበስ ብላ።

ሮማን ሰላምታውን አልመለሰችም። «ነገሩ አልገባኝም» አለች ለልጇ። «ይገባኛል ብዬም አልዋሽሽም። ጌታን ገና ዛሬ መጠየቄ ነው። አባትሽ ሰኞ ትራኩን ነድቶ ሲመለስ የምነግረው እኔ ነኝ፤ አንቺ ትንፍሽ እንዳትዪ።» ቀና ብላ ሰዓቱን አየች፤ ከዚያ የልጇን ራስ። «ግን ልጄ እንዲህ ሆና ከቤቴ አትወጣም!» ወደ ፈነት ዞረች። «አንቺ፣ ሹሩባ ትችያለሽ?»

«እህቶቼን የምሠራቸው እኔ ነኝ።»

«በይ ኮትሽን አውልቂ። ከኋላ ጀምሪ፤ እኔ ከፊት እመጣለሁ። ጠበቅ አድርጊው።»

«የእርስዎ ትንሽ አልላላም?»

«አንቺ ልጅ!» አለች ሮማን፤ ሊያመልጣት የነበረውን ሳቅ ዋጠችው።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አራት እጅ የኢያኤልን ራስ ወዲህና ወዲያ ይጎትታል፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል።

«አመመሽ?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«በጣም» አለች ኢያኤል እየሳቀች። «ቀጥሉ።»