አሮጌና አዲስ አይጋቡም

ሰፈሩ «አይጋቡም» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያ የሚያድሱለት ሰዎችና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን ካልተናደደች በቀር አትጠራበትም። ቅጽል ስሙን ያመጣበት የገዛ አፉ ነው። ሥራው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ መትከል፣ ቤት ውስጥ ባትሪ መደርደር ነው። ታዲያ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ በር ላይ ቆሞ ጣቱን ቀስሮ ሳይናገራት የማይሄድ አንዲት ነገር አለችው።

«አሮጌና አዲስ ባትሪ አይጋቡም! ሦስት አዲስ ገዝታችሁ አንድ አሮጌ ብትቀላቅሉ፣ አሮጌው ቶሎ ይደክምና ሦስቱንም ይዟቸው ይወርዳል። ነግሬያለሁ!»

«እንግዲያው እኔና አንተን ማን አጋባን?» ትለዋለች ሚስቱ ሰው ፊት። «አሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኝ የለም እንዴ!» ሰው ይስቃል፤ እሱም ከሁሉ አብልጦ ይስቃል።

ሌላም ንግግር ነበረው። «ፀሐይ ስትጠልቅ ጉልበቷን ይዛ አትሄድም፤ ለባትሪ አደራ ሰጥታ ነው የምትሄደው። ባትሪ ማለት አደራ ተቀባይ ነው» ይላል። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ከከተማው ዳር ኮንቴይነር የሚያካክሉ ባትሪዎች አስደርድሮ፣ የቀኑን ፀሐይ ለምሽት ማስቀመጥ ሲጀምር እንኳ፣ «ያው የኔው ሥራ ነው፤ ትንሽ ገዘፈ እንጂ» ብሎ ሰፈሩን አስቆታል። እንግዲህ አደራ የበላው ይኸው ሰውዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሰባት ወር በፊት፣ መምህርቷ ቤት ነው። መምህርቷ አራተኛ ክፍል ያስተማሩት ናቸው። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ሲሆኑ፣ ሳንባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አጠገባቸው አንድ የኦክስጅን ማሽን አለ፤ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ሲነፋ ይውላል፣ ሲነፋ ያድራል። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ደግሞ በዚያ ሰፈር ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል፤ ማምሻውን ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ማንም አይነግርህም። ስለዚህ ለእነዚያ ባልና ሚስት ባትሪ ቅንጦት አይደለም። ትንፋሽ ነው።

አራት ባትሪ ነው የታዘዘው። አንዱ ግማሽ ኩንታል ይከብዳል፤ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። አእምሮ ያለው ሰው ለሁለት ይሸከማል። እሱ ግን መምህርቷ ደረጃው አናት ላይ ቆመው፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ለምትሠራው ልብስ ሰፊ፣ «ይኼ እኮ ተማሪዬ ነው! ማባዛት ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» ሲሉ ሰማና ደረቱ ተነፋ። «ላግዝህ?» ያለውን ጥበቃ፣ «ተወው ባክህ፣ ለኔ ይኼ ትራስ ነው» ብሎ መለሰው። አይ ትዕቢት!

ሦስቱን እንደ ምንም አወጣ። አራተኛውን ይዞ የሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ላብ ያራሰው እጁ ከዳውና ባትሪው ዱብ አለ። የባትሪው ጠርዝ የግራ እግሩን አውራ ጣት አገኘው፤ የደረጃውም ጫፍ ተሸረፈ። ጩኸቱን ዋጠው። ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ማንም የለም፤ ልብስ ሰፊዋ ገብታለች፣ መምህርቷ ማድ ቤት ናቸው። መለኪያውን አውጥቶ ባትሪውን ቢነካው ሞቷል። ውስጡ ተሰብሯል።

«ወደቀብኝ» ማለት ነበረበት። አንዲት ቃል! ግን ከአፍታ በፊት «ተማሪዬ» ብለው የኮሩበትን፣ «ትራስ ነው» ብሎ የተኩራራበትን በምን አፉ ይናገር? እያነከሰ ይዞት ወረደና፣ «አንዱ ሱቅ ቀርቷል፣ ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ» ብሏቸው ሄደ። አከፋፋዩ ዘንድ ቢሮጥ፣ ያ ዓይነት አልቋል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ አይገባም አሉት። ይኼኔ ከገዛ ቤቱ አራት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ነቀለ። በሳሙና አጠበው፣ ከሞተው ባትሪ ላይ ሽፋኑንና ምልክቱን ልጦ አለበሰው፤ በነጋታው ወስዶ ከሦስቱ አዲሶች ጋር አጋባው። «ለሁለት ወር ብቻ ነው» አለ ለራሱ።

ከዚያ በር ላይ ቆመና፣ አፉ ለምዶበት፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «መምህር፣ አሮጌና አዲስ አይጋቡም፤ አደራ!» አላቸው። ዛሬም ድረስ ይቺን ባሰበ ቁጥር፣ ብቻውን መንገድ ላይ እየሄደም ቢሆን ፊቱ ይቀላል።

ሁለት ወሩ ሞላ። ግን ሥራ በዛበት፤ ምክንያቱን ባያውቀውም የዚያ ሕንፃ ሰው ሁሉ ካለ እሱ አላሠራም ብሎ ተያያዘው። ነገ ዛሬ ሲል ሰባት ወር ሆነ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ወደቀ፤ አዲሱ ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ለሚስቱ «ድንጋይ መታኝ» ብሏታል። ከቤታቸው የጎደለውንም ባትሪ «ሞተ» ብሏታል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ጠዋት መምህርቷ ደወሉ። «ልጄ፣ ሳላስቸግርህ ብቅ ብትልልኝ። ስምንት ሰዓት ይቆይ የነበረው አሁን ሦስትም አይሞላም። ትናንትማ መብራት ሳይመጣ ሊያልቅብኝ ሆኖ ነፍሴ ወጥታ ነው የተመለሰችው።»

መሣሪያውን ይዞ ሄደ። ቤት ሲገባ ማቀዝቀዣው ተነቅሎ፣ በሩ እንዲናፈስ ተከፍቶ፣ ባዶውን ቆሟል። አምፖሎቹ ከአንዱ በቀር ወልቀዋል። የሹፌሩ ሬዲዮ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል። መምህርቷ ደግሞ፣ እነዚያ ክፍል ሲገቡ ዝንብ እንኳ ጸጥ የሚልላቸው ሴት፣ እጃቸውን አጣምረው እንደ ተማሪ ፊቱ ቆሙ።

«ጥፋቴን ንገረኝ» አሉት። «ካውያ ከተውኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ማቀዝቀዣውንም ነቀልኩ። የጋሼህን ሬዲዮ ሳይቀር ነቀልኩበት፤ ኳስ እንዴት እንደሚወድ ታውቃለህ። እንዲያም ሆኖ ቶሎ ያልቃል። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?»

«ኧረ ተዪው» አሉ ሹፌሩ ከአልጋቸው፣ በየመሀሉ ትንፋሽ እየሳቡ። «ቡድኔም እንደሆነ… መሸነፍ ነው ሥራው። ባልሰማ ይሻለኛል።»

አይጋቡም አጎንብሶ ለካ። መልሱን ሳይለካም ያውቀዋል። አሮጌው ደክሞ ወድቋል፤ ሦስቱንም ይዟቸው ወርዷል፤ ልክ ሲሰብክ እንደኖረው። ለረጅም ጊዜ ካጎነበሰበት ቀና አላለም። አሁን ንገራቸው፣ አሁን፣ አለው ልቡ። አፉ ግን ሌላ ተናገረ።

«ጭነት… ጭነት በዝቶባቸው ይሆናል።»

«ይኸው! አላልኩህም?» አሉ መምህርቷ ወደ ባላቸው ዞረው። «እኔው ነኝ።» ቀጥለው ክንዱን ያዙት። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ። ስንት ለፍተህ የሠራህልኝን አበላሸሁብህ።»

እሱን ይቅርታ ጠየቁት! እሱን! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ግድ የለም፣ መላ እፈልጋለሁ» ብሎ መሣሪያውን እንኳ በወጉ ሳይሰበስብ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ከልብስ ሰፊዋ ዘንድ ቀሚሷን ይዛ ፊቷ በርቶ ገባች። «አንተ! ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?» አለችው። እጁ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«ምኑን?»

«የባትሪውን ነዋ! የሹፌሩ አልጋ ራስጌ ከደረጃው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው አሉ። ያኔ አንዱ ሲወድቅብህ ጋሼ ጥርት አድርገው ሰምተዋል። በነጋታው አዲስ ተክተህ፣ እነሱ እንዳይጨነቁ ትንፍሽ ሳትል መሄድህን ለጠየቃቸው ሁሉ ያወራሉ። ‹እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል!› ይላሉ አሉ። ሕንፃው ሁሉ አንተን ካልሆነ የሚለው ለምን መሰለህ? እኔ ሚስቱ ከሰው ልስማ?»

ጉርሻውን ቢጎርሰው ትን አለው። ሳለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ውሃ ጠጣ፣ ቀስ በል» አለችና ብርጭቆ ልታነሳ ስትል እጇ ቆመ። ምንም ብትቀልድ ሞኝ አይደለችም። «ቆይ እስቲ… የኛው ባትሪ ሞተ ያልከኝ መቼ ነበር?»

እጁን ከምግቡ ላይ አነሳ።

«ድንጋይ መታኝ ያልከኝስ?»

አንገቱን ደፋ። እሷም ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋችው። በመጨረሻ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አሮጌነትህን አውቄ ነው የተጋባሁህ፤ ውሸትህን ግን ማንም አልነገረኝም» አለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሳቅበት የኖረው ቀልድ በዚያች ሰዓት ሞተ።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ሰሞኑን ለማሳያ የደረደራቸውን አራቱንም አዲስ ባትሪዎች አወረደ፤ ከአሮጌው ጋር ሰባት ወር የኖሩት ሦስቱም ተጎድተዋልና አንዱን ብቻ መቀየር አይበቃም። የሕንፃውን ጥበቃ፣ «እባክህ አግዘኝ» ብሎ ለመነው፤ ለሁለት ተሸክመው አወጡ። ደረጃውን ሲወጣ ግን፣ እንዳትፈርዱበት አልልም፤ ፍረዱበት፣ ሌላ ውሸት እያሰናዳ ነበር። «ዋስትና አላቸው፣ ፋብሪካው ቀየረልን» እላለሁ፣ አለ በልቡ። ማን ይጎዳል? መምህርቷ ትንፋሻቸውን ያገኛሉ፣ ሹፌሩ ኳሳቸውን፣ እኔም ስሜን። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የተሸረፈውን ደረጃ ላለማየት ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊዋም ነበረች። ለስፌት መኪናዎቿ ባትሪ ልታስተክል አስባ ምክር ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ሹፌሩ አራቱን ባትሪ ሲያዩ ትራሳቸውን ደግፈው ቀና አሉ።

«ምን አልኩሽ?» አሏት። «አየሽው? ማንም ሳይጠይቀው… አራት ይዞ መጣ። ያኔም እኮ… ደረጃው ላይ ዱብ ሲልበት፣ እኔ እዚሁ ተኝቼ…»

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ነግረውኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እሱን በፈገግታ እያየች። «የተባረከ ነው።»

ፋብሪካው፣ ዋስትናው፣ ያሰናዳው ሁሉ ጠፋበት። ሲሰድቡት ቢሆን ኖሮ ይዋሽ ነበር። ምርቃቱን ግን ሊችለው አልቻለም።

«ጋሼ፣ ይተዉ» አለ። «አዲስ አልነበረም።»

«ምኑ?»

«ያኔ በነጋታው ያመጣሁት። አሮጌ ነው። ከቤቴ ነቅዬ፣ አጥቤ፣ የአዲሱን ልብስ አልብሼው ነው። ሦስቱንም የጣላቸው እሱ ነው። ጭነት አልበዛም። መምህር ምንም አላጠፉም።»

ልብስ ሰፊዋ ፈገግታዋን የምታስቀምጥበት አጥታ፣ «እንግዲህ እኔ… ሥራ ትቼ ነው የመጣሁት» ብላ ሳታየው ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻለው ነበር።

መምህርቷ አልጮኹም። «ትናንት ሬዲዮውን ነቀልኩበት ስልህ ታውቅ ነበር?» አሉት።

«አውቅ ነበር።»

«ጥፋቴን ንገረኝ ስልህስ?»

«አውቅ ነበር፣ መምህር።»

ከዚያ ወዲያ አላዩትም። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደው ሬዲዮውን አወረዱና ፕላስቲኩን መፍታት ያዙ፤ ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ሊያግዛቸው ፈልጎ እጁን ሰደድ አደረገና መልሶ ሰበሰበው። በምን ፊቱ?

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ ሹፌሩ። ቁጣ ቢጤ ይጠብቅ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው። «ያን ቀን ‹ወደቀብኝ› ብለህ ብትገባ ኖሮ… ምን የምንልህ መስሎህ ነው?»

ሰባት ወር ሙሉ አስቦት አያውቅም።

«‹እግርህን አልመታህም ወይ?› ነበር የምንልህ» አሉ። ትንፋሽ ሳቡ። «ሌላ ምን እንላለን?»

አይጋቡም ወደ ግራ ጫማው አየ። «መትቶኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ፤ እዚያውም ባትሪዎቹ መሀል ቁጭ አለ። አራተኛ ክፍል ሆኖ እንኳ ያን ያህል አልቅሶ አያውቅም። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት፣ ፊቱን በሥራ ጓንቱ ሸፍኖ።

መምህርቷ ከሬዲዮው ቋጠሮ ጋር መታገሉን ተዉ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡትና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት። «እስቲ ልየው።»

እሱም ቀና ብሎ ሊያያቸው አፍሮ፣ እንዳቀረቀረ የግራ ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።