ባሕር ወረደ

ሙሐሲን ከባሕር ኃይል ተመልሶ መካነ ሰላም ከገባ ወዲህ፣ ስለ መርከቧ በደንብ የጠየቀው ሰው የለም። የሚጠይቁት ስለ መድፍ ነው። «ስንት ጣልህ?» ይሉታል። «እኛ የምንጭነው ዱቄት ነው» ሲላቸው ይስቁበታል።

እውነቱ ግን እሱ ነበር። መርከቧ የጭነት መርከብ ናት። ባሕረኞቹ «አህያዋ» ይሏታል። ከአሰብ ወደ ምጽዋ ዱቄትና ሲሚንቶ ትጭናለች። ጦርነቱ ሲብስ ከዱቄቱ ጆንያ ሥር የጥይት ሣጥን ይገባ ጀመር። ስትመለስ ደግሞ ቁስለኛ ትይዛለች። ያላት አንድ የዛገ መትረየስ ነው፤ የጠላት ጀልባ ካየች መብራቷን አጥፍታ መሸሽ ነው ሥራዋ።

ይህን በገበያ ቀን ሲያወራ የሰማ አንድ የእህል ነጋዴ፣ «አህያ ከሆነች እዚህ ድረስ ነድተህ አታመጣትም ነበር? ከከላላ ጤፍ ባመላለሰችልን!» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ «ሙሐሲን አህያው» ሆኖ ቀረ። ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሞተር ሲያስነሳማ ቀልዱ ባሰ፤ ዛሬም ከዱቄት አልወጣህም ይሉታል።

ቀልዱንስ ችሎታል። አንጀቱን ያሳረረው ሌላ ነው።

ምጽዋ ስትያዝ መርከቧ ከጫነቻቸው ቁስለኞች አንዱ የሰፈሩ ልጅ፣ የእማማ ዘይነባ የበኩር ልጅ መሐሙድ ነበር። የዳህላክን ደሴቶች ሳያልፉ ነፍሱ ወጣች። በሸራ ጠቀለሉት፤ ብረት አሰሩበት፤ ሙሐሲን ከሁለት የሞተር ክፍል ሰዎች ጋር ሰገደበት፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ አወረዱት። በመርከቧ ላይ እንዲህ የሄደውን ሰው «ሞተ» አይሉም፤ «ባሕር ወረደ» ነው የሚሉት።

መንግሥት ሲወድቅ አህያዋ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች፤ እጇንም ሰጠች። ሙሐሲን ከስደተኛ ሰፈር ወጥቶ አገሩ ሲደርስ መጀመሪያ የረገጠው የእማማ ዘይነባን ደጅ ነው። መምጣቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ተከትሎት ገባ። መርዶ ደግሞ በጠዋት፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። በሰው ፊት ብቻውን ቆሞ እናትን «ልጅሽ ሞተ» ማለት አልሆነለትም። ሽማግሌዎቹ ቃሉ ገብቷቸው በወጉ ያረዷቸዋል ብሎ፣

«መሐሙድ ከእኛ ጋር ተሳፍሮ ነበር፤ መንገድ ላይ ባሕር ወረደ» አለ።

የደጋ ሰው ባሕር ወረደ ሲባል የሚያውቀው ዐረብ አገር ሊሻገር ሄደ ማለት እንደሆነ ነው። እማማ ዘይነባ እልል አሉ። ጎረቤቱም ተቀበላቸው።

«አልሐምዱሊላህ! ልጄ ከእሳት ወጥቶ ሳዑዲ ገባልኝ!»

«የለም እማማ፣ እኔ ያልኩት...»

«አብሽር ልጄ፣ ገብቶኛል። ከጦሩ መጥፋቱን ለማንም አላወራም።»

ሌላ ቀን ብቻቸውን አገኛቸውና «መሐሙድ ሳዑዲ አይደለም» አላቸው።

«የመን ነዋ?»

«ባሕር ውስጥ ነው፣ እማማ።»

«መርከብ ላይ ተቀጠረ በለኛ! ምነው ታዲያ ፊትህን አጠቆርከው?»

ሞቱን ነግሮ፣ መርዶውን እንዲያረዱለት ሽማግሌዎቹን ለመነ። «እልል የተባለበትን ቤት እኛ አናስለቅስም። መቃብሩ የት ነው ብትለን ምን እንመልሳለን?» አሉት። የመሐሙድ ታናሽ ወንድም አሕመድኑርም «እናቴን ተዋት፤ በተስፋዋ ትኑር» ብሎት ሄደ። ሙሐሲን መርዶውን እንደያዘ፣ ሞተሩን እያስነሳና እያጠፋ ዓመታቱን ገፋ።

የመሐሙድ ልጅ መርዋ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት እማማ ዘይነባ ናቸው ያሳደጓት። ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የምትወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። አያቷ ግን የጋብቻ ውሉን፣ ኒካሑን፣ አላሳስር አሉ። «የሚድራት ወሊዋ አባቷ ነው። እሱ በሕይወት እያለ ማን ይድራታል?» ከሳዑዲ በመጣ ሰው ሁሉ መልእክት ይልካሉ። የልጁ ወላጆች ታከታቸውና፣ እስከ ረመዳን ካልሆነ ሌላ እንፈልጋለን አሉ።

መርዋ ወፍጮ ቤት መጣች። ከሞተሩ ጩኸት በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ አባቴን መጨረሻ ያዩት እርስዎ ነዎት። የት ነው ያለው?» አለችው።

ሞተሩን አጠፋው። ከመሐሙድ እናት በፊት ለልጁ መንገር አልሆነለትም። እህላቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ሲጮኹበት ትቷቸው፣ ዱቄቱን እንኳ ከላዩ ሳያራግፍ ወጣ።

ቤታቸው ሲደርስ፣ እማማ ዘይነባ ከጅዳ ለዕረፍት መጥቶ ሊመለስ የተነሣውን ጠሃን አስቀምጠው መልእክት ያስጠኑታል። ጠሃ ሙሐሲንን ሲያይ ሣቀ።

«ና እንጂ አህያው! ለጓደኛህ ምን በል ልበልልህ?»

ሙሐሲን ወደ እማማ ዘይነባ ዞረ።

«እማማ ዘይነባ፣ የመሐሙድን ጀናዛ የሰገድኩት እኔ ነኝ።»

ጀናዛ ማለት ሬሳ ነው፤ ሌላ ፍቺ የለውም። የጠሃ ሣቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ባሕር ወረደ አላልከኝም?» አሉ እማማ ዘይነባ ቀስ ብለው።

«ወረደ፣ እማማ። በሸራ ተጠቅልሎ ወረደ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ስትደብቀኝ!»

«መች ደበቅሁ!» ሙሐሲን ለትልቅ ሰው ጮኾ አያውቅም ነበር። «ነገርኩ! ስነግር እልል አላችሁ! ሽማግሌ ለመንኩ፤ ወንድሙን ለመንኩ! ወላሂ ደከመኝ!»

እማማ ዘይነባ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አገለደሙ።

«ፊቱ ወዴት ነበር?»

«ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ። አዛዡ መርከቧን አዞረልን። ጀልባ እያሳደደን ነበር፤ ቢሆንም አዞረልን።»

«አሕመድኑርን ጥሩት። ከለቅሶው በኋላ መርዋን እሱ ይድራት» አሉ። ዕንባቸው እስኪመጣ አልጠበቁም፤ የሙሐሲንን ክንድ ይዘው ደጅ ወጡ። «በል አሁን ተናገር። እልልታዬን የሰማ ሁሉ ይስማ።»

ጩኸቱን ሰምቶ ሰው አጥር ሥር ተሰብስቧል።

«መሐሙድ ሞቷል» አለ ሙሐሲን።

«መቼ ተሰማ ደግሞ?» አለ አንዱ።

ሙሐሲን ጥርሱን ነከሰ። እማማ ዘይነባ ቀደሙት።

«ድሮ ነግሮን ነበር» አሉ። «ያልሰማነው እኛ ነን።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።